ቆጠራ

ከመጨረሻው ማደያ ወዲያ አስፋልቱ አበቃ፤
ፒስታው ተቀበለን፣ ጎማ ሥር ጠጠሩ እየተንቋቋ።
መሪው ላይ ኔሊዳ፤ ከወንበሯ ኋላ አንድ ከረጢት ደብዳቤ፤
ጭነቱ ሲሊንደር፣ ዱቄት፣ የበግ መድኃኒት፤
እኔም እንደ ዕቃ ከጎን ተደርቤ።

ፓታጎኒያ ነፋስ እንግዳ አይደለም፤ የራሱ ነው ቤቱ፣
ዛፍ አላስበቀለም፤ ቁጥቋጦውን ሁሉ አስተኝቶታል በደረቱ።
ልወርድ ብዬ በሩን ብገፋው፣ ከእጄ ነጥቆ ያዘ፤
ኔሊዳ ሳቀች፦ «ቀስ በል፣ እዚህ የሚከፈተው እሱ እንዳዘዘ።»

በግራ ባሕሩ፣ ሰማያዊ ሳይሆን የክረምት ቆርቆሮ፤
በቀኝ ሜዳው፣ እሾህ ብቻ፣ ያው እሾህ ዞሮ ዞሮ።
አንድ ጓናኮ አጥር ዘለለ፤ ግመል ይሁን አጋዘን
ሳልወስን አለፈ፤ ግልገሉ ግን ቆሞ በአንድ ዓይኑ መዘነን።

ድንገት ፍሬን ያዘች። ሞተር አጠፋች።
ምነው ስላት በአገጯ አሳየችኝ፦
ፔንግዊኖች መንገድ ያቋርጣሉ፣
ከባሕር ወደ ጉድጓዳቸው፣
ከሥራ እንደሚገባ ሰው፣ ደክሟቸው፣ ማንንም ሰላም ሳይሉ።
አንዱ ቆሞ ጎማችንን መረመረ፤
አልወደደውም፤ ዞሮት ሄደ።
ሃያ ደቂቃ።
ኔሊዳ በብረት ቀሰሟ ማቴ ትስባለች፣
ሰዓት አላየችም።
«ደብዳቤ ያረጃል እንጂ አይሞትም» አለች።

ማምሻውን ደረስን ኤቫሪስቶ ዘንድ፣ የመብራት ግንቡ ሥር፤
ሽማግሌው ቆሟል፣ ኮፍያውን በገመድ አገጩ ላይ አስሮ፣ እንዳይበር።
ሲሊንደሩን አወረድን። ደብዳቤ አልመጣለትም። አልጠየቀም።

ከራት በኋላ መዝገብ አወጣ፣ ቆዳው የተላጠ፣ ጠርዙ ዘይት የጠገበ፣
የባሕር ዝሆን ስብ በጋን ሲቀልጥ፣ በርሜል ሲሞላ፣
በአባቱ እጅ የተከተበ።
ወንድ ይህን ያህል፣ እናት ይህን ያህል፣ ግልገል፣ ለቆዳ፤
በርሜሉ ሲሞላ አንድ ሰረዝ፤ ሰረዙ ሲበዛ አንድ የተከፈለ ዕዳ።

«አባቴ ክፉ አልነበረም፤ አሥር አፍ ነበረበት» አለኝ
ሳልጠይቀው፤ ጣቱን ከሰረዞቹ መጨረሻ አሳርፎ አሳየኝ፦
ከዚያ መስመር ቀጥሎ፣ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፣
ያው ወንድ፣ ያው እናት፣ ያው ግልገል፤ ግን የሚተነፍሰው፣
በየዓመቱ፣ በጥቅምት።

አንድ ገጽ ባዶ ነው። ዓመቱ ብቻ ከላይ ተጽፏል።
«በሽታ የገባ ጊዜ ነው። ቆጥሬ ነበር፤ መጻፉ አቃተኝ።»
ዝም አልን። ነፋሱ በግንቡ ስንጥቅ ያፏጫል።

ሲነጋ እርሳስ ሰጠኝ።
«ከጥቁሩ ቋጥኝ እስከ ዓሣ ነባሪው አጥንት ያለው ድርሻ ያንተ፤
ነፋሱን በፊትህ አድርግ፤ ወንዱ ካጓራ ቁም፤
ግልገሉን ትንሽ ነው ብለህ እንዳትተወው አንተ።»

ሄድኩ። ጠጠሩ ላይ ተጋድመዋል፣ እንደ ረጠበ ጆንያ፣
ያንኮራፋሉ፣ አሸዋ በመዳፋቸው ጀርባቸው ላይ ይበትናሉ፤
ሽታቸው የከረመ ቅቤ።
ከእነሱ ወዲያ አንዲት ዓሣ ነባሪ ተነፈሰች፤
ትንፋሿን ነፋሱ ሳይወድቅ ወሰደው።
ቆጠርኩ። ተሳሳትኩ። እንደገና ቆጠርኩ።
መቶ አርባ ሦስት።
ጻፈው፤ ስሜንም ከጎኑ ጻፈ፣ አንድ ፊደል ገድፎ።

መኪናው ተነሣ። መንገዱ ዳርቻውን ታክኮ ሲያልፍ፣
ማለዳ ልቀመጥበት ያሰብኩት ክብ ድንጋይ፣
ድንጋይ ብዬ ያለፍኩት፣
አንድ ትልቅ ጥቁር ዓይን ገለጠ፤
ቀይ አፉን ከፍቶ አዛጋ፤ መልሶ ድንጋይ ሆነ።

«ኔሊዳ፣ አቁሚ።»
ስነግራት ምንም አላለችም። መሪውን ጠመዘዘች።
ያን ሁሉ ፒስታ ወደ ኋላ፣ ለአንድ አኃዝ።

ኤቫሪስቶ በሩ ላይ ነበር፤
መዝገቡ ክፍት፣ የብዕሩ ክዳን በጥርሱ፣
የሚጠብቀን ይመስል።
ሦስቱን ሰርዞ አራት አደረገ።

«አባቴም አንዳንዱ እንዲህ ያመልጠው ነበር» አለ፣
ብዕሩን እየከደነ።
«እነዚህ ከእነዚያ ናቸው።»